ሰውን የሚያስቀምጠው ወንበር አይደለም

ከተማ ሲታደስ ቁጥር ይወጣል። ይህን ያህል ኪሎ ሜትር የእግረኛ መንገድ፣ ይህን ያህል የብስክሌት መስመር፣ ይህን ያህል አግዳሚ ወንበር ይባላል። ቁጥሩ ለሪፖርት ይመቻል፣ ፎቶውም ያምራል። ነገር ግን ወንበር መኖሩ አንድ ነገር ነው፣ ሰው መቀመጡ ሌላ ነገር ነው፣ የተቀመጠው ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር ወሬ መጀመሩ ደግሞ ሦስተኛ ነገር ነው። ስለ ሦስተኛው የሚጠይቅ ብዙ ሰው አላየሁም። እኔ ግን የጋራ ቦታ የሚመዘነው በእሱ ይመስለኛል።

በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ዛሬ ወደ ሌሎች ከተሞችም ወጥቷል። ሊመሰገን የሚገባው ነገር አለውና ከእሱ ልጀምር። የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል። ጉድጓድ እየዘለልን፣ ከመኪና ጋር እየተጋፋን በምንሄድበት ቦታ ዛሬ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሆኖ እያወራ መሄድ ይችላል። ማታ መብራት አለ። ልጆች ብስክሌት ሲነዱ ይታያል። ይህን ሁሉ «ለፎቶ ነው» ብሎ ማጣጣል የሕፃን ጋሪ የምትገፋ እናትንና ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌን መርሳት ነው።

ሆኖም ስሙን ልብ በሉት። ኮሪደር ቤት ውስጥ ምንድን ነው? ከክፍል ወደ ክፍል ማለፊያ ነው። ኮሪደር ላይ ቁጭ ብሎ ቡና የሚጠጣ የለም። ስሙ ዲዛይኑን ያሳብቅበታል፤ ቦታው የተሳለው ለሚያልፍ ሰው ነው። ወንበሮቹ በአብዛኛው በአንድ መስመር ተደርድረው፣ መሬት ላይ ተቸክለው፣ ፊታቸውን ወደ መኪናው አዙረዋል። ሦስት ጓደኛሞች ቢመጡ በተርታ ተቀምጠው አንገታቸውን እያጣመሙ ማውራት አለባቸው። አራተኛ ሲመጣ ቆሞ ይቀራል። ብቻውን የመጣ ሰው ደግሞ ስልኩን ያወጣል፤ ሌላ ምን ያድርግ?

በአንጻሩ በብዙ ቦታ የተነሣው ምንድን ነው? በላስቲክ ጥላ ሥር፣ ጥቂት ዱካዎች ዙሪያ የነበረው የጀበና ቡና ነው። ፒያሳ ላይ ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ብዙ የተባለው ስለ ታሪክና ስለ ቅርስ ነበር፤ ትክክልም ነው። እኔ ግን የሚቆጨኝ ሌላም አለ። እነዚያ ጠባብ ቦታዎች ምን ይሠሩ እንደነበር ሳይጠና ነው የሄዱት። በእኔ ሙያ አንድ አሮጌ ፕሮግራም ከመሰረዙ በፊት ማን እንደሚጠቀምበትና ምን እንደተንጠለጠለበት ይጣራል። ኮዱ አስቀያሚ ሊሆን ይችላል። ሥራው ግን አብሮት መጥፋት የለበትም።

የጀበና ቡናን እንደ ዲዛይን እንየው እስቲ። ዱካው ዝቅ ያለ ነው፤ ስለዚህ የማይተዋወቁ ሰዎች ጉልበት ለጉልበት ሊነካካ ይደርሳል። ዱካው ይነሣል፤ ፀሐይ ሲመጣ ትጎትተዋለህ፣ ሰው ሲመጣ «ጠጋ በሉ» ይባላል። ቡናው ወዲያው አይደርስም፤ መጠበቅ አለ፣ ግን ጀበናው ፍሙ ላይ ስለሚታይ መጠበቁ መጨረሻው ይታወቃል። የሚጠብቁት ሁሉ የሚጠብቁት አንድ ነገር ነው። መሐል ላይ ደግሞ አንድ ሰው አለች፤ ደንበኛዋን በስም የምታውቅ፣ «ትናንት የት ጠፋህ?» የምትል። ይህን ሁሉ የሚያደርግ የድንጋይ ወንበር እስካሁን አልተፈለሰፈም።

አሜሪካዊው ዊልያም ዋይት በ1970ዎቹ ኒው ዮርክ ውስጥ ካሜራ ጠምዶ ሰዎች አደባባይ ላይ ምን እንደሚያደርጉ ለዓመታት ሲያጠና ቆየ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1980 በመጽሐፍና በፊልም አወጣ። ከታዘባቸው ነገሮች ሁለቱ እዚህ ይጠቅሙናል። አንደኛ፣ ሰው የሚነሣ ወንበር ሲያገኝ ከመቀመጡ በፊት ትንሽም ቢሆን ያንቀሳቅሰዋል፤ ቦታውን የራሱ የሚያደርገው በዚያች ትንሽ እንቅስቃሴ ነው። ሁለተኛ፣ የማይተዋወቁ ሰዎች ወሬ የሚጀምሩት በመሐላቸው ሦስተኛ ነገር ሲኖር ነው፤ አዝማሪ ሊሆን ይችላል፣ ሐውልት ሊሆን ይችላል፣ አንድ ለየት ያለ ነገር። የጀበና ቡና ሁለቱንም የያዘው ያለ ካሜራና ያለ ጥናት ነው። ዱካው ይንቀሳቀሳል፣ ሦስተኛው ነገር ደግሞ ጀበናው ነው።

ነገሩ ይበልጥ ግልጽ የሚሆንልኝ ግን ከአዲስ አበባ ወጥቼ ሳስበው ነው። የእናቴ ወገኖች አገር ሰላ ድንጋይ ናት፤ በሰሜን ሸዋ፣ በሞጃና ወደራ ወረዳ፣ ከደብረ ብርሃን በስተሰሜን ያለች የደጋ ከተማ። ደጋ ስል ቀልድ አይደለም። ደብረ ብርሃን ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ይጥላል። እንዲህ ባለ አገር ሰው የሚቀመጥበትን ቦታ የሚመርጡት ፀሐይና ነፋስ ናቸው። ጠዋት ፀሐይ የመታው የድንጋይ ካብ ሥር ጋቢ ወይም በርኖስ የተከናነበ ሰው ታያለህ። ነፋሱ ከኋላ በካቡ ተከልሏል፣ ድንጋዩ ሙቀት ይይዛል፣ ፊት ለፊት መንገዱ ይታያል። «ፀሐይ እየሞቅሁ ነው» የሚል ሰው ሥራ ፈት አይባልም። ምክንያት አለው። አጠገቡ የሚቀመጠው ሰውም ያው ምክንያት አለው። ሁለቱን ያገናኛቸው አንድ ግድግዳ ነው።

እዚህ ላይ ከአዲስ አበባ የሚቀዳው ዲዛይን ምን ያህል እንደማይገጥም ይታያል። ዘንባባ ተክሎ ጥላ ሥር ወንበር ማስቀመጥ ለአዳማ ወይም ለድሬዳዋ ጥሩ ሐሳብ ነው። በደጋው ግን ጥላ ማለት ብርድ ማለት ነው። አራት በኩል ለነፋስ የተጋለጠ የሚያብረቀርቅ አደባባይ ላይ፣ የብረት ወንበር ላይ፣ በኅዳር ጠዋት ማን ይቀመጣል? ከተማውን የሚያድሰው መሐንዲስ መጀመሪያ ማድረግ ያለበት ፕላን መሳል ሳይሆን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ወጥቶ ሰው የት ተጠግቶ እንደሚቆም ማየት ነበር።

ሌላው መቀመጫ ገበያው ነው። ዴንማርካዊው አርክቴክት ያን ጌል የአደባባይ ሕይወትን በሦስት ይከፍለዋል፦ ግድ የሆነው፣ በፈቃድ የሚደረገውና ከሁለቱ የሚወለደው ማኅበራዊው። ገበያ መውጣት ግድ ነው፤ ጨው ያስፈልጋል፣ እህል መሸጥ አለበት። ግን ገበያተኛው ሸጦ እንደጨረሰ ወዲያው አይነሣም። ዘመድ ይጠይቃል፣ የታመመ ሰው ወሬ ይሰማል፣ ለልጁ ሚስት ያስባል፣ ዕዳ ያስታውሳል። ያቺ ሸቀጡ ካለቀ በኋላ ያለችው ሰዓት ናት የገበያው ማኅበራዊ ሕይወት። መንዝና አካባቢው በበግና በሱፍ የታወቀ ነውና እንዝርት የያዘች ሴት ማየትም የተለመደ ነው። እጅ ሥራ ሲኖረው አፍ ነጻ ይሆናል። ዝምታ ቢመጣም አያሳፍርም፣ እንዝርቱ ይሽከረከራላ። የከተማ ልጅ በዚያች ዝምታ መሐል ስልኩን የሚያወጣው እጁ የሚይዘው ሌላ ነገር ስላጣ ይመስለኛል።

እስካሁን ዝግታን ሳሞግስ ቆየሁ። ግን ዝግታ ሁሉ ጥሩ አይደለም፣ ለዚህም ምሳሌው እዚያው ሰላ ድንጋይ አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰላ ድንጋይ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት የወይዘሮ ዘነበወርቅ መቀመጫ ነበረች፤ ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ክራፕፍም እ.ኤ.አ. በ1842 ከአንኮበር ወደ ሰሜን ሲጓዝ እዚያ አርፏል። በአገራችን የመኳንንት ግቢ በነበረበት ሁሉ ደግሞ ደጅ ጥናት ነበር። ባለጉዳይ ከአጥሩ ውጪ ቀናትን፣ አንዳንዴም ወራትን ተቀምጦ ያሳልፋል። እዚያም ወዳጅነት ይፈጠራል፣ ወሬ ይለዋወጣል፣ ስንቅ ይካፈላል። ከሩቅ ላየው ደስ የሚል «የጋራ ቦታ» ይመስላል። ግን የተቀመጠው ሰው ጊዜ የራሱ አልነበረም፤ ውስጥ ያሉት ጌታ ነበር። ተነሥቶ ቢሄድ ርስቱን ወይም ፍርዱን ያጣል።

ደጅ ጥናት ደግሞ አልሞተም። «ሲስተም የለም፣ ነገ ይምጡ» የሚባልበት የቢሮ ኮሪደር ላይ የተቀመጥን ሁሉ እናውቀዋለን። እዚያም ሰው ይተዋወቃል፤ በጋራ ምሬት የሚፈጠር ትውውቅ ጠንካራ ነው። ቢሆንም ማንም እንዲህ ያለ ቦታ ይብዛልን አይልም። ስለዚህ መለኪያችን «ሰው ስንት ደቂቃ ቆየ» ሊሆን አይችልም። ሰው የቆየው ፈልጎ ነው ወይስ ተይዞ? ተነሥቶ ቢሄድ የሚያጣው ነገር አለ?

ይህ ጥያቄ የእኔን ሙያም ይነካል። አፕ ስንሠራ ከምንለካቸው ነገሮች አንዱ ተጠቃሚው ስንት ደቂቃ እንደቆየ ነው። አዛ ራስኪን እ.ኤ.አ. በ2006 ማለቂያ የሌለውን ገጽ ሲነድፍ ዓላማው «ቀጣይ» የሚለውን ቁልፍ መጫን ማስቀረት ነበር፤ ጣትህን ወደ ላይ ስትገፋ ሌላ ይመጣል፣ ሌላ ይመጣል። በኋላ ራሱ በግልጽ ተጸጽቶበታል። ከቡናችን ጋር አስተያዩት። ቡና አቦል አለው፣ ቶና አለው፣ በረካ አለው። ሦስቱም ስም አላቸው፤ የት እንደደረስክ ታውቃለህ። አቦል ላይ የሚነሣ ሰው ለምን እንደሚቸኩል ይጠየቃል፣ በረካን የጠጣ ግን ተመርቆ ይሄዳል። ማለቂያ የሌለው ገጽ በረካ የለውም። ሰውን ይይዘዋል እንጂ አይሸኘውም። ጥሩ የጋራ ቦታ ሰውን ማስቀመጥ ብቻ ሳይሆን በሰዓቱ መሸኘትም ያውቅበታል።

ከሰላ ድንጋይ ሳንርቅ በዚያው ወረዳ ጻድቃኔ ማርያም አለች። ለጠበልና ለሱባኤ ከየአገሩ ሰው ይመጣል፣ ቀናትን ይቆያል። ስለ እምነቱ አይደለም የማወራው፤ ስለ ቦታው ነው። የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ግቢ ውስጥ ይከርማሉ፣ ቆሎ ይካፈላሉ፣ «እናንተስ ከየት ናችሁ?» ይባባላሉ። ሁሉም በአንድ ምክንያት መጥቷል፣ ሁሉም ወረፋ ይጠብቃል፣ ባለጸጋውም ድኻውም ያው ብርድ ላይ ነው። ከደጅ ጥናት የሚለየው መቆያውን የወሰነው ቆዪው ራሱ መሆኑ ነው። ሱባኤውን ቆጥሮ ገባ፣ ቆጥሮ ይወጣል።

ወደ ዋናው ነጥብ ልምጣ። ጽዋ ማኅበር እንዴት እንደሚሠራ አስቡ። በየወሩ በጻድቁ ወይም በቅዱሱ ቀን አንድ አባል ይደግሳል፤ ሲያበቃ ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ ይሰጣል። ጽዋውን የያዘ ሰው የሚቀጥለው ወር የእሱ ነው። ሰንበቴም እንዲሁ በተራ ነው፤ ዳቦውና ጠላው ዛሬ ከአንዱ ቤት፣ ለሚቀጥለው ከሌላው ይመጣል። በኮምፒውተር መረብ ታሪክ ቶክን ሪንግ የሚባል አሠራር ነበር፤ አይ.ቢ.ኤም. በ1980ዎቹ ያስፋፋው። ኮምፒውተሮቹ በቀለበት ይያያዛሉ፣ አንዲት ምልክት በመሐላቸው ትዞራለች፣ ምልክቷ የደረሰችው ብቻ ይናገራል። ስለዚህ ማንም ማንንም አይረግጥም። ጽዋው ያችው ምልክት ነው፤ ልዩነቱ ምልክቷ የደረሰችው ኮምፒውተር ሌሎቹን ዝም አሰኝታ ትናገራለች፣ ጽዋው የደረሰው ሰው ግን ሌሎቹን አስቀምጦ ያስተናግዳል።

ፓርኮቻችን የጎደላቸው ይሄ ነው። ፓርክ ውስጥ ሁላችንም እንግዳ ነን። ጥበቃ አለ፣ ጽዳት አለ፣ አስተናጋጅ ግን የለም። አንድነት ፓርክ በ2012 ዓ.ም. ሲከፈት መደበኛ መግቢያው 200 ብር ነበር፤ ያ ዋጋ ሰው በዓመት አንዴ ቤተሰቡን ይዞ የሚሄድበት የጉብኝት ቦታ ያደርገዋል። ጉብኝት ክፉ አይደለም፣ ቤተ መንግሥቱን ማየትም መብት ነው። ግን መተዋወቅ የሚመጣው በመደጋገም ነው። ትናንትም ያየኸው ፊት ዛሬም ሲመጣ ራስህን ታነቃንቃለህ፣ በሳምንቱ «ሰላም ነው?» ትላለህ፣ በወሩ ስሙን ትጠይቃለህ። በዓመት አንዴ ለሚመጣ ሰው ይህ መሰላል የለውም።

«ታዲያ ወደ ጽዋ ማኅበርና ወደ ካብ ሥር እንመለስ ነው የምትለን?» የሚል ይኖራል። አይደለም። እነዚህ የማደንቃቸው ቦታዎች ዕዳም አለባቸው። ቡናው እንዲፈላ አንዷ ሴት ትቆላለች፣ ትወቅጣለች፣ ታጥባለች፤ የወንዶቹ ዝግታ በእሷ ጥድፊያ የተገዛ ነው። ካብ ሥር ፀሐይ የሚሞቀው በአብዛኛው ወንድ ነው፤ ሴቷ በዚያ ሰዓት ውኃ ላይ ናት። ማኅበሩ ለአባሉ ሞቅ ያለ ነው፣ ሃይማኖቱ ለሚለየው ወይም ትናንት ከሌላ አገር ለመጣው ሰው ግን በሩ የት እንዳለ አይታይም። ኮሪደሩ በዚህ ይበልጣል። የእግረኛ መንገድ ማንነትህን አይጠይቅም። ብቻዋን የምትሄድ ልጅ ማታ መብራት ሥር መራመድ መቻሏ ማንም ማኅበር ያልሰጣት ነገር ነው።

ስለዚህ ጥያቄው የኮሪደሩን ክፍትነትና የጽዋውን ተራ አንድ ቦታ ላይ ማገናኘት ይቻላል ወይ ነው። ይቻላል ብዬ አምናለሁ፤ በትንሹም ታይቷል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ምንም አልገነባም። በወሩ የመጨረሻ እሑድ መኪናውን ከአንዳንድ መንገዶች አስወጣ፣ በቃ። ገመድ የሚዘሉ ልጆች፣ በቡድን ስፖርት የሚሠሩ ጎልማሶች፣ ቆመው የሚያዩ ሰዎች ወጡ። ሦስተኛው ነገር ተገኘ ማለት ነው። ቀኑ ስለሚታወቅ ሰው በቀጠሮ ይመጣል፤ የማኅበር ቀን እንደማለት። ቦታ የሚሠራው በሲሚንቶ ብቻ ሳይሆን በቀን መቁጠሪያም እንደሆነ ያሳየን እሱ ነው። ከኮሪደሩ ወጪ ጋር ሲነጻጸርም ዋጋው ምንም ነው።

እድሳቱ ነገ ሰላ ድንጋይ ቢደርስ የምመኘው ብዙ አይደለም። አደባባዩን ከመክፈታቸው በፊት ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ይጠይቁና በዚያ በኩል የአገሩን ድንጋይ ይካቡ፤ ፊቱ ወደ ጠዋት ፀሐይ ይሁን፣ እግሩ ሥር እንደ ቤት መደብ ሰፋ ያለ መቀመጫ ይውጣለት። መደቡ ቀጥ ብሎ ከሚሄድ ጎበጥ ይበል፤ ያኔ ተቀማጮቹ ይተያያሉ። ዱካ የሚጎተትበት ሜዳ ይተው። ቡና ለምታፈላዋ ቦታ በፕላኑ ላይ ይሳልላት፣ ውኃ ይቅረብላት፤ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ጀበናዋን ይዛ የምትሮጥ ከሆነ አስተናጋጁን አባረን ወንበሩን አስቀረን ማለት ነው። የእድር ድንኳን የሚተከልበት ባዶ መሬት ይኑር፤ ሐዘን ማስተናገድ የማይችል አደባባይ ደስታንም ብዙ አያስተናግድም። መግቢያው ነጻ ይሁን።

ከሁሉም በላይ ቦታው ተረኛ ይኑረው። በዚህ ወር የትምህርት ቤቱ ልጆች፣ በሚቀጥለው እድሩ፣ ከዚያ የጀበና ቡና ሻጮቹ፣ ከዚያ የመስጊዱና የቤተ ክርስቲያኑ ወጣቶች በጋራ። ተረኛው ሜዳውን ይጠርጋል፣ አንድ ነገር ያዘጋጃል፣ እንግዳ ሲመጣ «ቁጭ በል» ይላል። ይህ በጀት አይፈልግም። የሚፈልገው ቦታው የእኛ ነው ብሎ የሚረከብ ሰው ነው፣ ለዚያ ደግሞ ቦታው ሲሠራ ሰዎቹ መጠየቅ አለባቸው። ቤቱ ሲፈርስ ያልተጠየቀ ሰው አደባባዩን እንዲጠብቅ መጠበቅ ይከብዳል።

የእድሳት ሪፖርት አዘጋጆችን አንድ ነገር ልለምን። ስንት ወንበር እንደተተከለ ከሚገልጸው መስመር ሥር ሌላ መስመር ይጨመር፦ የዚህ ቦታ ጽዋ አሁን በማን እጅ ነው፣ ቀጥሎስ ለማን ይሰጣል? የሚሞላበት ስም ከተገኘ ወንበሩ ቢያንስም ሰው ከየቤቱ ዱካ ይዞ ይመጣል።